ውርጭ ያቆመው ምድር

የሰሜኑ ምድር ሕይወት የቆመው በብርድ ላይ ነው። ከአርክቲክ ክበብ ወዲያና ወዲህ በተዘረጋው ሰፊ አገር ብርድ ፍጥረት ታግሦ የሚያሳልፈው ወቅት ብቻ አይደለም። የቀዘቀዘው አፈር ውኃው ወደ ታች ሰርጎ እንዳይጠፋ ይዞ ረግረጉን ያኖራል፤ የባሕሩ በረዶ የዋልታ ድብ ማደኛ ሜዳ ነው፤ አመዳይ ለትንንሾቹ እንስሳት ጣሪያ ነው፤ የክረምቱ ውርጭ ደግሞ ጥድ የሚያደርቁትን ጥንዚዛዎች በየዓመቱ ይፈጃል። የሙቀት መጨመር በዚህ ምድር ላይ የሚያደርሰው ለውጥ የተለየ ባሕርይ የሚይዘውም በዚሁ የተነሣ ነው። በቆላ አገር አንድ ዲግሪ ሲጨመር ሞቃቱ ይበልጥ ይሞቃል። በሰሜን ያው አንድ ዲግሪ ዜሮን ከተሻገረ ጠጣሩ ፈሳሽ ይሆናል፤ መሬቱ ጭቃ፣ የባሕሩ ገጽ ጥቁር ውኃ፣ አመዳዩ ዝናብ።

ለውጡ በዚያ አካባቢ እንደሚበረታ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1896 ባወጣው ስሌት፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር ምድር እንደምትሞቅ፣ ሙቀቱም ወደ ዋልታው ሲጠጉ እንደሚያይል አመልክቶ ነበር። በ2022 የወጣ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ አርክቲክ ከ1979 ወዲህ የሞቀበት ፍጥነት ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። አንዱ ዋና ምክንያት ቀለም ነው። አዲስ የወረደ አመዳይ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ከአሥር እጅ ስምንቱን ያህል መልሶ ወደ ሰማይ ይልካል፤ ክፍት ባሕር ግን ከአሥር ዘጠኙን ውጦ ያስቀራል። በረዶው በቀለጠ ቁጥር ባሕሩ ይሞቃል፤ ባሕሩ በሞቀ ቁጥር የሚቀጥለው ዓመት በረዶ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 የአርክቲክ ባሕር በረዶ ስፋት ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር፤ ከ1981 እስከ 2010 የነበረው የመስከረም አማካይ 6.4 ሚሊዮን ገደማ ነው። በሳይቤሪያ ውስጥ ያለችው ቬርኾያንስክ፣ በ1892 ክረምት ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ የተመዘገበባት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 2020 የተለካባት ሙቀት 38 ዲግሪ ነበር።

ቁጥሩ አየሩን ይናገራል። ሥርዓተ ምህዳሩን የሚወስነው ግን ከእግር በታች ያለው ነው።

በምሥራቅ ሳይቤሪያ በያኩትስክ ከተማ ፊዮዶር ሸርጊን የተባለ የሩስያ አሜሪካ ኩባንያ ሠራተኛ በ1828 የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ቆፋሪዎቹ ጥቂት ሜትር እንደወረዱ ያገኙት እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ በበረዶ የተጣበቀ አፈር ነው። በረዶው የሆነ ቦታ ላይ ያልቃል፣ ከሥሩም ውኃ ይገኛል በሚል ተስፋ ሥራው ዘጠኝ ዓመት ቀጠለ። ጉድጓዱ 116 ሜትር ሲደርስም አፈሩ እንደ ቀዘቀዘ ነበር፤ ውኃ አልተገኘም። ለሸርጊን ኪሳራ የሆነው ለሳይንስ ሲሳይ ሆነ። በ1840ዎቹ አሌክሳንደር ፎን ሚደንዶርፍ የተባለው ተመራማሪ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በየጥልቀቱ ሙቀት ለክቶ፣ እስከዚያ ድረስ ብዙዎች የሚጠራጠሩትን የዘወትር በረዷማ ምድር በመለኪያ አረጋገጠ። በአንዳንድ የሳይቤሪያ ክፍሎች የዚህ ምድር ውፍረት ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ፐርማፍሮስት የሚባለው ይህ ምድር ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ዓመት በዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች የቆየ መሬት ነው። በበጋ የሚቀልጠው ከላይ ያለው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ እንደ ቦታው ከጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር እስከ ሁለት ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሣሩም፣ ሞሱም፣ የዛፉም ሥር የሚኖሩት በዚህች ንጣፍ ውስጥ ተጨናንቀው ነው። ከሥሯ ያለው ደንዳና ወለል ውኃ ስለማያሳልፍ፣ በዓመት የሚወርደው ዝናብና አመዳይ ከከፊል በረሃ የማይበልጥበት አገር በኩሬና በረግረግ ተሞልቶ ይታያል። ያኩትስክ ዙሪያ ያለው ሰፊ የላርች ደን በዚያ ደረቅ አየር ውስጥ ሊበቅል የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በረዶው ባይኖር ውኃው ሰርጎ በጠፋ ነበር።

ብዙ ቦታ ላይ ወለሉ ንጹሕ አፈር አይደለም። በሺህ ዓመታት ውስጥ በውርጭ የተሰነጠቀው መሬት ስንጥቁ በየጸደዩ ውኃ እየሞላ፣ በየክረምቱ እየረጋ፣ እንደ ሽብልቅ ወደ ታች የተሰካ ግዙፍ በረዶ ፈጥሯል። በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ ከመሬቱ ይዘት ግማሽና ከዚያም በላይ በረዶ የሆነባቸው ሜዳዎች አሉ። ይህ በረዶ ሲቀልጥ መሬቱ በአንድነት አይወርድም፤ ሽብልቁ ያለበት ይሰምጣል፣ በመካከሉ ያለው ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ዛፎቹ ሥራቸው ሲላላ ወዲያና ወዲህ ይዘምማሉ፤ የአካባቢው ሰዎች የሰከረ ደን ይሉታል። ቀጥሎ ጎድጓዳው ውኃ ይይዛል፤ ውኃ ሙቀት ስለሚያምቅ ከሥሩ ያለውን በረዶ ክረምት ከበጋ ያቀልጠዋል፤ ኩሬው ሐይቅ ይሆናል፤ ሐይቁ በጊዜው ይደርቅና የሣር ሜዳ ይተካዋል። የሳኻ ሕዝብ ፈረስና ከብት የሚያሰማራው በእንደዚህ ያሉ አላስ በሚባሉ ጥንታዊ ሜዳዎች ላይ ነው። መቅለጥ ሁልጊዜ ጥፋት ብቻ ነው ማለት እንግዲህ አይቻልም። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነው፤ ጥንት በብዙ ሺህ ዓመታት የተካሄደው ዛሬ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲካሄድ ዕፅዋቱም አርቢውም ሊከተሉት ይቸገራሉ።

ለዚህ የባታጋይ ገደል ጥሩ ምስክር ነው። በቬርኾያንስክ አቅራቢያ በ1960ዎቹ ደን ተመነጠረ፤ ጥላውን ያጣው መሬት መቅለጥ ጀመረ፤ ቦዩ ሸለቆ ሆነ፤ ሸለቆው ዛሬ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ደርሷል። በበጋ ቀን ከአፋፉ ላይ የጭቃ ቋጥኝ እየተገመሰ ሲወድቅ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። በግድግዳው ሥር የተጋለጠው በረዷማ አፈር 650 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ በ2018 ከነጸጉሩ የተገኘው የጥንት ፈረስ ውርንጭላ ከሞተ 42 ሺህ ዓመት ያህል ሆኖታል። ገደሉን የጀመረው የአየር ንብረት ለውጥ ሳይሆን መጥረቢያ መሆኑ አይዘነጋም። የቆሰለ ፐርማፍሮስት በሞቀ አየር ውስጥ ራሱን መዝጋት እንደማይችል ግን በግልጽ ያሳያል።

በሰሜኑ ፐርማፍሮስት ውስጥ የተከማቸው ካርቦን 1.5 ትሪሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ በከባቢ አየር ውስጥ ካለው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የአሥር ሺዎች ዓመታት ሣር፣ ሥርና አጥንት ሳይበሰብስ ተቀምጧል። አፈሩ ሲቀልጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ይጀምራሉ፤ አየር ባለበት ቦታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃ በሞላበት ጭቃ ውስጥ ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ከ25 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ሚቴን ያወጣሉ። በመጸው መጨረሻ በአላስካና በሳይቤሪያ ሐይቆች ላይ አዲስ የረጋው በረዶ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ በመሆኑ፣ ከጭቃው የወጣው ሚቴን በነጫጭ አረፋ ተደራርቦ በውስጡ ይታያል። ተመራማሪ በረዶውን ወግቶ ክብሪት ሲጭርበት ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ነበልባል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የአርክቲክ ዘገባ፣ ቱንድራው የእሳቱ ጭስ ሲታከልበት ካርቦን ከሚያከማች ይልቅ ካርቦን የሚያወጣ ሆኗል ሲል ደምድሟል።

ከላይ ባለው ቱንድራ ላይ ለውጡ በዓይን ይታያል። በ1940ዎቹ መጨረሻ በሰሜን አላስካ ነዳጅ ሲፈለግ ከአውሮፕላን የተነሡ ብዙ ፎቶግራፎች ነበሩ። ተመራማሪዎች ከሃምሳ ዓመት በኋላ በእነዚያው ሸለቆዎች ላይ በርረው ደግመው ሲያነሡ፣ ቀድሞ ባዶ በነበረው ተዳፋት ላይ የአኻያ፣ የበርችና የአልደር ቁጥቋጦ ሞልቶ አገኙት። ቁጥቋጦው የመጣበትን ቦታ ራሱ ለራሱ ያመቻቻል። ነፋስ የሚነዳውን አመዳይ ቅርንጫፉ ይይዘዋል፤ የተከመረው አመዳይ ሥሩን ከብርድ ይሸፍናል፤ ባልቀዘቀዘው አፈር ውስጥ ተሕዋስያን ክረምቱን ሙሉ ንጥረ ነገር ያዘጋጃሉ፤ በጸደይ ቁጥቋጦው ይፋፋል። ከአመዳዩ በላይ ብቅ ያለው ጥቁር ጭራሮም ፀሐይ ይስባል። ከሥሩ የሚጠፋው ብርሃን የሚሻው ሊከን ነው፤ ሊከን ደግሞ የሬንዲርና የዱር ወንድሙ የካሪቡ የክረምት ቀለብ ነው።

ቁጥቋጦውን ተከትሎ ቢቨር መጣ። በ1950ዎቹ በተነሡ የአየር ፎቶግራፎች ላይ በአርክቲክ አላስካ ምልክቱ አይታይም ነበር፤ ዛሬ ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል የቆጠሩት የቢቨር ኩሬ ከ12 ሺህ በላይ ነው። በጥርሱ አኻያ ቆርጦ ጅረት የሚገድበው ይህ እንስሳ ወራጁን ውኃ የቆመ ውኃ ያደርገዋል፤ የቆመው ውኃ ክረምት እስከ ታች ስለማይረጋ ዳርቻውን ያቀልጣል። ለአንዳንድ የዓሣ ዓይነት አዲስ ቤት ነው፤ ከታች ጅረቱን ለሚጠጡ መንደሮች ግን ስጋት ሆኗል። አንድ ፍጥረት መሬቱን እንዲህ ሲለውጥ፣ አየሩን ብቻ የሚቆጥር ትንበያ አንዱን እጅ ትቶ መቁጠሩ ነው።

የክረምቱ ዝናብ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ሬንዲር አመዳዩን በሰኮናው ጭሮ፣ አፍንጫውን ቀብሮ ሊከኑን ይግጣል። በክረምት መካከል ዝናብ ከጣለና ብርዱ ከተመለሰ፣ አመዳዩ ላይ ሰኮና የማይሰብረው የበረዶ ቅርፊት ይረጋል። መኖው እዚያው አለ፤ እንስሳው ከላዩ ቆሞ ይራባል። በሰሜን ምዕራብ ሳይቤሪያ በያማል ልሳነ ምድር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 እንዲህ ያለ ቅርፊት ሰፊውን ግጦሽ ሸፍኖ፣ ኔኔትስ የተባሉት አርቢዎች በዚያ ክረምትና በተከተለው ዓመት 61 ሺህ ሬንዲር አጥተዋል። ይህ ሳያገግም በ2016 በጋ ከባድ ሙቀት መጣ፤ ከሰባ ዓመት በላይ ያልታየው አባ ሰንጋ ተነሥቶ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ እንስሳትና አንድ የ12 ዓመት ልጅ ገደለ። የበሽታው ዘር በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል፤ መቅለጡ እንዳጋለጠው ይታመናል። ይሁን እንጂ የመንጋው ክትባት በ2007 ተቋርጦ ነበር፤ ሁሉን በሙቀቱ ማላከክ የሰውን ቸልታ መሸፈን ይሆናል።

በስቫልባርድ ደሴቶች ያለው ሬንዲር ሌላ ታሪክ ይናገራል። የክረምቱ ዝናብ በአመዳዩ ላይ እየረጋ ቢያስቸግረውም በጋው ረዝሞ ሣሩ በዝቷል። ከ1994 ጀምሮ በተደረገ ክትትል የእንስሳቱ ቁጥር ሲጨምር የአዋቂ ሴቷ የክረምት ክብደት ከ55 ኪሎ ወደ 48 ኪሎ ወርዷል። ቅርፊቱ በሚጠናባቸው ዓመታት ወደ ባሕር ዳር ወርደው የባሕር አረም ሲበሉ ታይተዋል። በአሜሪካና በካናዳ ያሉት የሚሰደዱ የቱንድራ ካሪቡ መንጋዎች ግን ባለፉት ሁለትና ሦስት አሥርት ዓመታት ከ5.5 ሚሊዮን ወደ 1.9 ሚሊዮን አሽቆልቁለዋል።

ከአመዳዩ ሥር ያለው ዓለምም ተናውጧል። ሌሚንግ የምትባለው አይጥ መሰል ፍጥረት ክረምቱን የምታሳልፈው በመሬትና በአመዳይ መካከል ባለው ስስ ክፍተት ውስጥ፣ ሞስ እየበላችና እየወለደች ነው። ቁጥሯ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ እጅግ ይበዛና ይወድቅ ነበር፤ ነጭ ጉጉትና የአርክቲክ ቀበሮ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ የጥጋብ ዓመት ነው። በደቡብ ኖርዌይ ተራሮች በፊንሴ ይህ ዑደት ከ1994 በኋላ ተዛባ፤ አመዳዩ እየረጠበና እየረጋ ክፍተቱን ስለዘጋው።

ወደ ደቡብ ሲወረድ ታይጋ ይጀምራል። ከዓለም ደን ሲሶ ገደማ የሚሆነው ይህ የጥድ፣ የስፕሩስና የላርች ቀበቶ ከብርድ ያገኘው ትልቁ ጥቅም ጥበቃ ነው። በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የጥድ ቅርፊት ሥር የሚራባው ጥንዚዛ እጭ ለቀናት የሚዘልቅ ከዜሮ በታች የ40 ዲግሪ ውርጭ ሲመጣ ያልቅ ነበር። ውርጩ ሲላላ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተነሣው ወረርሽኝ ከ18 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን አዳረሰ፤ ሮኪ ተራሮችንም ተሻግሮ አልበርታ ገባ። የተጠቃ ኮረብታ መጀመሪያ ቀይ፣ በዓመት በሁለት ዓመቱ ግራጫ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው እሳት ነው። በ2023 ካናዳ ውስጥ 15 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ተቃጥሏል፤ ቀድሞ የተመዘገበው ከፍተኛ መጠን ሰባት ሚሊዮን ገደማ ነበር።

እሳት ለታይጋ እንግዳ አይደለም። ጥቁሩ ስፕሩስ ፍሬውን በሙጫ አሽጎ ይዞ ሙቀት ሲነካው ይዘራል። ችግሩ እሳቱ ሲደጋገምና ሲጠልቅ ነው፤ ለዘመናት የተከማቸው የሞስና የብስባሽ ንጣፍ ተቃጥሎ ባዶ አፈር ሲቀር፣ ስፕሩሱን ትቶ በርችና አስፐን ይበቅላል። በአላስካ ውስጥ ይህ ለውጥ በስፋት ታይቷል። የሚገርመው ግን አዲሶቹ ቅጠለ ሰፊ ዛፎች ቶሎ ያድጋሉ፣ በቀላሉም አይቀጣጠሉም፤ ስለዚህ ደኑ በሌላ መልክ ካርቦን መልሶ ሊያከማች ይችላል። ቱንድራው ይህ ማካካሻ የለውም። በ2007 በሰሜን አላስካ በመብረቅ የተነሣው የአናክቱቩክ ወንዝ እሳት ከአንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ አቃጥሎ፣ ለአሥርት ዓመታት የተቀመጠ ሁለት ሚሊዮን ቶን ያህል ካርቦን በአንድ ወቅት ለቅቋል።

የባሕሩ ሕይወት የሚጀምረው ከበረዶው ሆድ ነው። በጸደይ ፀሐይ ስትመለስ ከበረዶው ሥር ቡናማ ዋቅላሚ ይለጠፋል፤ ኮፔፖድ የሚባሉ ሩዝ የሚያካክሉ ፍጥረታት በልተውት ሰውነታቸውን በስብ ይሞላሉ፤ የዋልታ ኮድ የተባለው ትንሽ ዓሣ እነሱን፣ ሲል የተባለው የባሕር አጥቢ ዓሣውን፣ ድቡ ሲሉን ይመገባል። በረዶው ቀድሞ ሲለቅ የሰንሰለቱ መነሻ ይላላል፤ በምትካቸው ከአትላንቲክ የሚመጡት ኮፔፖዶች ስባቸው ያነሰ ነው። በባሬንትስ ባሕር ትልቁ የአትላንቲክ ኮድ ወደ ሰሜን ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁን ጠቅሟል። በቤሪንግ ባሕር የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከ2018 እና ከ2019 የባሕር ሙቀት ማዕበል በኋላ ከአሥር ቢሊዮን በላይ ሸርጣን ጠፋ። ሙቀቱ የቀለብ ፍላጎታቸውን አንሮ በረሃብ እንደጨረሳቸው ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፤ በጥቅምት 2022 የአላስካ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የማጥመጃውን ወቅት ሰረዘ።

ሲሉን ለመያዝ በበረዶው ቀዳዳ አጠገብ ለሰዓታት የሚያደባው የዋልታ ድብ በክፍት ውኃ ውስጥ እምብዛም ሊይዘው አይችልም። በካናዳ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ በረዶ የሌለበት ወቅት ከ1980ዎቹ ጋር ሲነጻጸር በሳምንታት ረዝሟል። ድቦቹ በቸርችል ከተማ ዙሪያ በየብስ ላይ በስባቸው እየኖሩ ይጠብቃሉ። በምዕራብ ሃድሰን የተቆጠሩት በ1987 ወደ 1,200 ገደማ፣ በ2016 842፣ በ2021 618 ነበሩ። በመጀመሪያ የሚጎዱት ግልገሎቹ ናቸው፤ እናት ከሳች ማለት ወተቷ ነጠፈ ማለት ነውና።

ከሁሉ የረቀቀው ጉዳት የጊዜ መዛነፍ ነው። የሰሜን በጋ አጭር ስለሆነ ወፉ፣ ነፍሳቱና ሣሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መገናኘት አለባቸው። በሳይቤሪያ ታይሚር ልሳነ ምድር አመዳይ የሚቀልጥበት ቀን በ33 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ በግማሽ ቀን ያህል ቀድሟል። በዚያ የሚፈለፈለው ቀይ ኖት የተባለ ወፍ ጫጩቶች፣ ነፍሳት የሚበዙበት ሰሞን ስለሚያመልጣቸው አነስ ብለው፣ መንቁራቸውም አጥሮ ያድጋሉ። ቅጣቱን የሚቀበሉት ግን እዚያ አይደለም። ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር በርረው ሞሪታንያ ባሕር ዳር ሲደርሱ ባለ ዛጎሉ ምግባቸው በጥልቅ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፤ አጭር መንቁር አይደርስበትም፤ የባሕር ሣር ሥር እየበሉ ለመኖር ይገደዳሉ፤ ብዙዎቹም አይተርፉም። በ2016 የታተመው ይህ ጥናት የአርክቲክ ችግር በሐሩር አገር ሊገድል እንደሚችል አሳይቷል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ በአብያታና በዝዋይ ዳርቻ ዝናቡ ሲያባራ ጭቃ እየጫሩ የሚታዩት ትንንሾቹ ስቲንትና ሩፍ የተባሉት ወፎችም የተፈለፈሉት በዚያው በሰሜን ነው።

ወደፊት ምን ያህል እንደሚጠፋ የሚወስነው የሚቃጠለው ነዳጅ መጠን ነው። በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጠበብት ጉባኤ እንደገለጸው፣ የአርክቲክ ውቅያኖስ ከ2050 በፊት ቢያንስ አንድ መስከረም ከሞላ ጎደል ያለ በረዶ ሳይውል አይቀርም፤ ልቀቱ ቢቀነስ እንዲህ ያሉ ዓመታት ጥቂት ይሆናሉ፣ ካልተቀነሰ የተለመዱ ይሆናሉ። ደኑ ወደ ሰሜን ሲገፋ ቱንድራው የሚያፈገፍግበት ቦታ የለውም፤ ከኋላው ያለው ባሕር ነው። የበረዷማው መሬት ዕጣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ባይሆንም፣ አንዴ የፈረሰ የበረዶ ሽብልቅ በሰው ዕድሜ መልሶ አይረጋም።

መቅለጡን በቦታው ለማዘግየት የሚሞክሩ አሉ። ሩስያዊው ሰርጌይ ዚሞቭ በ1996 በኮሊማ ወንዝ ላይ በቼርስኪ አቅራቢያ ፕሌይስቶሲን ፓርክ ብሎ በሰየመው ቦታ ፈረስ፣ ቢሰንና ሬንዲር አስገብቷል። አሳቡ ቀላል ነው፤ አመዳይ መሬቱን ከክረምቱ ብርድ ይጋርዳል፣ መንጋ ሲረግጠው ግን ስለሚሳሳ ብርዱ ወደ አፈሩ ይዘልቃል። እንስሳቱ በበጋ ሞሱን ሲረግጡ ሙቀት ወደ አፈሩ መግባቱ አይቀርም፤ ሆኖም የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ስሌት የክረምቱ ቅዝቃዜ ያመዝናል። እንደ እነሱ አባባል በቂ መንጋ ቢሰማራ፣ ልቀቱ በበዛበት ዓለም እንኳ ከፐርማፍሮስቱ 80 በመቶ ያህሉ እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ሊቆይ ይችላል። በአጥር የተከለለው የፓርኩ ክፍል 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በረዷማው መሬት ከ10 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።